ግመል ያልደረሰበት በር፦ የጋምቤላ ንግድ፥ የቆላ ዝንብና የገንዲ በሽታ በታሪክ ሲታዩ

የአገራችንን የግመል አርቢዎች በካርታ ላይ በነጥብ የሚያመለክት ሰው ቢኖር፥ ነጥቦቹ ከአፋር ሜዳ ተነሥተው በሶማሌ ምድር ሁሉ ይበተናሉ፤ ወደ ሐረርጌ ቆላና ወደ ቦረና ይዘልቃሉ፤ በሰሜን ምዕራብም በሁመራና በመተማ በኩል ከሱዳን ግመል ጋር ይገናኛሉ። እጁን ወደ ደቡብ ምዕራብ ባወረደ ጊዜ ግን ብዕሩ ሥራ ያጣል። በባሮ፥ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ የተዘረጋው የጋምቤላ ቆላ ሞቃትና ሜዳማ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ራሷን የቻለች መንግሥት እስከ ሆነች ድረስም ይህን ምድር ያዋስነው የነበረው አገር በግመል ሀብቱ በዓለም የታወቀው ሱዳን ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ጋምቤላ የግመል አገር አልሆነም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ታሪኩ ነው። ጋምቤላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ በር ነበረ። ዘይላንና ሐረርን፥ ምጽዋንና ደጋውን፥ ገላባትንና መተማን ያገናኘው የቆላ መንገድ ሁሉ ግመልን ሲጠቀም፥ የጋምቤላ በር ብቻ ያለ ግመል ኖረ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን እንዳስከተለ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በዚያ በኩል መርከብ ስለ ነበረ ግመል አላስፈለገም» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት እንዳለው እንቀበላለን፤ ሙሉ ነው ማለት ግን አንችልም። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እናሳያለን።

፩. የበሩ አከፋፈት

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (ሜይ 15 ቀን 1902 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተዋዋሉ። በውሉ አራተኛ አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፥ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፥ ስፋቱ ደግሞ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። ቦታው ለንግድ እንጂ ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል በውሉ ተጽፏል። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ወደ ላይ፥ ሜዳው አልቆ የደጋው ግርጌ ሊጀምር በተቃረበበት፥ ዛሬ የጋምቤላ ከተማ ባለበት ስፍራ ሆነ።

ውሉ በተፈረመበት በዚያው ዓመት የጅቡቲ የምድር ባቡር ድሬዳዋ መድረሱን ልብ ማለት ይገባል። አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በምሥራቅ በብረት ሐዲድ፥ በምዕራብ በወንዝ ሁለት በሮች ተከፈቱላት ማለት ነው። ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች በነጭ ዓባይ፥ በሶባትና በባሮ አድርገው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ያመጡት የነበረው ጨውና የጥጥ ጨርቅ፥ ይዘው የሚመለሱት ደግሞ በብዛት ቡና፥ ከዚያም ሰምና ቆዳ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ስለ ነበረው የጋምቤላ ንግድ ባደረጉት ጥናት እንደሚታየው፥ ይህ በር ለምዕራብ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ትልቅ ቦታ የያዘ ነበር። ጣቢያውም ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መርከቡ ባሮ በሚሞላባቸው ወራት፥ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ይመላለስ ነበር። በቀሩት ወራት ወንዙ ስለሚጎድል መርከብ አይወጣም። ከዚህም በላይ መርከቡ ጋምቤላ ላይ ይቆማል፤ ቡናው ያለው ግን በጎሬ፥ በቡሬ፥ በሳዮና በወለጋ ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከደጋው እስከ ወንዙ ዳር ያለው መንገድ በየብስ መታለፍ ነበረበት። ያንንም መንገድ ያለፉት በቅሎ፥ አህያና የሰው ትከሻ ናቸው።

በምሥራቅ የነበረውን ልማድ ከዚህ ጋር እናነጻጽር። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ የተነሣ ነጋዴ ዕቃውን በግመል ጭኖ በረሃውን ያቋርጥና ጅልዴሳ ሲደርስ ያራግፋል፤ ከጅልዴሳ ወደ ሐረር ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነው። ቆላው የግመል፥ ደጋው የበቅሎ ነበረ ማለት ነው። በጋምቤላ ግን ቆላውም ለበቅሎና ለሰው ተተወ። የጅልዴሳ ሥርዓት በቡሬ ግርጌ ለምን አልተደገመም? ዳገቱ ግመልን ይከለክላል እንዳንል፥ ሜዳው አይከለክልም። መርከቡ ያስቀራል እንዳንል፥ መርከቡ በዓመት ከሰባት ወር የማያንስ ጊዜ የለም። እንግዲህ ሌላ ከልካይ መፈለግ አለብን።

፪. ከልካዩ ዝንብ

ከልካዩ በአማርኛ ገንዲ የምንለው በሽታና የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ፥ በሌላ ስሟ ጸጸ፥ ናት። በ1895 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በደቡብ አፍሪካ በዙሉላንድ የከብቱ እልቂት ከዚህች ዝንብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥም ትሪፓኖሶማ የምትባለውን፥ ያለ ማጉያ መነጽር የማትታየውን ተዋህስ አገኘ። በ1909 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክላይነ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ተዋህሷ በዝንቧ አካል ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ አድጋና ተለውጣ እንደምትተላለፍ አረጋገጠ። ዝንቧ እንደ መርፌ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርስ ብቻ ሳትሆን፥ ተዋህሷን የምታሳድግ ሁለተኛ ቤትም ናት ማለት ነው።

በአገራችን እስካሁን አምስት ዓይነት የቆላ ዝንቦች ተለይተዋል። መኖሪያቸው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉት የዓባይ፥ የዴዴሳ፥ የባሮና አኮቦ፥ የኦሞ ወንዞች ሸለቆ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 1700 ሜትር ገደማ ከሚደርሰው ከፍታ በላይ በብዛት አይገኙም። የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ከ600 ሜትር በታች መሆኑን ስናስብ፥ ከቡሬ የሚወርደው ነጋዴ ከዝንቧ ነጻ ከሆነ አገር ወጥቶ ወደ ግዛቷ ይገባ እንደ ነበር እንረዳለን። ዝንቧ የምትወደው የወንዝ ዳር ጥላንና ጫካን ነው፤ መንገዱም ጭነት ከብትም ውኃ ፍለጋ የሚሄዱት ወደዚያው ወደ ጥላው ነው። እንስሳውና ገዳዩ በውኃው ዳር ይገናኛሉ።

ገንዲ ከብትን፥ ፈረስን፥ በቅሎንና አህያን ሁሉ ይጎዳል። ነገር ግን ሁሉንም እኩል አይጎዳም። በቆላ ዝንብ የሚተላለፉትን የትሪፓኖሶማ ዓይነቶች የማይችሉ ከሚባሉት እንስሳት አንዱ ግመል ነው። በዝንብ ቀበሌ ውስጥ የገባ ግመል ይተኩሰዋል፤ ደሙ ይቀንሳል፤ ሥጋው ይሟሽሻል፤ ካልታከመም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ስለዚህም በአፍሪካ ካርታ ላይ የግመል አገር የሚያልቅበት መሥመርና የዝንቧ አገር የሚጀምርበት መሥመር ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ጎን ለጎን ሲሄዱ እናያለን። የበረሃው መርከብ የተባለው እንስሳ ከአሸዋ ይልቅ ጥላን የሚፈራበት ምክንያት ይህ ነው።

፫. የግመል የራሱ ገንዲ ታሪክ

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። በአፋርና በኦጋዴን የቆላ ዝንብ የለችም፤ ሆኖም በዚያም ግመሎች በገንዲ ይታመማሉ። እንግዲያው ዝንቧ እንዴት ጥፋተኛ ትሆናለች?

ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም የታሪካችን ዋና ነጥብ ነው። የግመል ገንዲ፥ ሊቃውንት ሱራ የሚሉት፥ የሚመጣው ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ ከምትባለው ተዋህስ ነው። ስሟን ያገኘችው ከግሪፊዝ ኢቫንስ ነው። እርሱ የእንግሊዝ ጦር የእንስሳት ሐኪም ሆኖ በሕንድ ሲያገለግል፥ በ1880 እ.ኤ.አ. ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በዴራ ኢስማኤል ኻን በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ውስጥ አገኛት። እንስሳትን የምታሳምም ትሪፓኖሶማ ስትታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበረ፤ ከብሩስም ሥራ በዐሥራ አምስት ዓመት ይቀድማል። ይህች ተዋህስ በቆላ ዝንብ ማደግ አያስፈልጋትም። ትልልቆቹ ነካሽ ዝንቦች ከታመመ ግመል ደም ሲመጡ ቢባረሩና ወዲያው በጤነኛው ላይ ቢያርፉ፥ በአፋቸው የቀረው ደም ይበቃል።

ይህች ተዋህስ ከየት መጣች? ሴሲል ሆር የተባሉት የትሪፓኖሶማ ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የሰጡት ማብራሪያ ዛሬም ሰፊ ተቀባይነት አለው። እንደ እርሳቸው አስተያየት፥ ከሰሐራ በኩል የሄዱ ግመሎች ወደ ዝንቧ ቀበሌ ዳርቻ ገብተው ትሪፓኖሶማ ብሩሲ የተባለችውን ያዙ፤ ወደ በረሃቸውም ሲመለሱ ይዘዋት ተመለሱ። በዚያ የቆላ ዝንብ ስለሌለች ተዋህሷ በሌሎች ነካሽ ዝንቦች አፍ ብቻ መተላለፍን ለመደች፤ ከዘመን ብዛትም በቆላ ዝንብ ውስጥ ማደግ ተሳናት። ኋላ የተደረጉ የዘር ምርመራዎችም የሁለቱን የቅርብ ዝምድና አሳይተዋል። ከዚያ በቅፍለት መንገድ ወደ ዓረብና ወደ እስያ ሄደች፤ ባሕር ተሻግራም ደቡብ አሜሪካ ደረሰች።

ይህ እውነት ከሆነ፥ የግመል ገንዲ የተወለደው በበረሃው መካከል ሳይሆን በረሃው ከእርጥብ ቆላ ጋር በሚገናኝበት ጠረፍ ነው። ጋምቤላ ራሱ የተወለደበት ስፍራ ነው አንልም፤ ነገር ግን ጋምቤላ ያለበት መሥመር ግመልን የሚመልስ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን፥ ለግመል ሁሉ የተረፈው በሽታ የወጣበት ደጃፍ ዓይነት ነው።

ግመል አርቢዎች ይህን በሽታ ከሐኪሞች በፊት ያውቁታል። ሶማሌዎች ዱካን ይሉታል። በሽታው ከያዘ በኋላ ትኩሳቱ ሲመጣ ሲሄድ ወራትን፥ አንዳንዴም ዓመታትን ይቆያል፤ ሻኛው ይቀልጣል፤ ሆድና እግር ሥር ያብጣል፤ እርጉዟ ትጨነግፋለች፤ ወተት ይነጥፋል። ልምድ ያለው አርቢ የግመሏን ሽንት አሽትቶ ይለያል። በዝናብ ጊዜ መንጋውን ከወንዝ ዳር ማራቅ፥ በማታም በበረት ጭስ ማጨስ የቆየ ጥበባቸው ነው። የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ደግሞ ከሱራሚን ይጀምራል። ይህ መድኃኒት በ1916 እ.ኤ.አ. በጀርመን የባየር ኩባንያ የተሠራ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንትራይሳይድ የተባለው ተከተለው። ሆኖም ልኩ ያልጠበቀ መድኃኒት ሲደጋገም ተዋህሷ እየለመደችው እንደምትሄድ በብዙ አገር ታይቷል።

፬. ከብት፥ ሰውና ዝንብ በጋምቤላ

ግመል በሌለበት ምድር በሽታው ሥራ አልፈታም። የክልሉን ሁለት ትልልቅ ሕዝቦች ኑሮ እንመልከት። ኑዌሮች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ በበጋ ወደ ወንዝ ዳር ሣር ይወርዳሉ፥ በክረምት ጎርፍ ወደማይደርስበት ከፍታ ይመለሳሉ። አኝዋዎች ደግሞ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚያመርቱ፥ ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ሁለቱም ሕዝቦች በ1940 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት አሳትሟል። የአኝዋ ምድር ብዙ ክፍል ዝንብ የሰፈረበት ደን በመሆኑ ከብት ማብዛት አዳጋች ሆኖ ኖሯል። ሰዎች «ልማድ» ብለን የምናልፈው የአኗኗር ልዩነት ከፊሉ በዝንብ የተሠመረ ወሰን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከምጽዋ የተነሣው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ውስጥ ዘልቆ ክፉ ቀን የተባለውን የ1880–1884 ዓ.ም. ረኀብ አስከተለ። ከአገሪቱ ከብት ከዐሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ እንደ ጠፋ ይገመታል። ደስታ የአባይንም ሸለቆ ከብት አርቢዎች፥ ኑዌሮችን ጨምሮ፥ ጎድቷል። ይህ በሽታ ግን መጨረሻ አገኘ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፥ ከአርቢዎቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በአፋርና በደቡብ ሱዳን መንጋውን ራሳቸው ከተቡ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ገንዲ ግን እስካሁን ክትባት የለውም፤ ተዋህሷ የሰውነቷን ልባስ በየጊዜው ስለምትለውጥ የእንስሳው ደም መከላከያ ሊደርስባት አልቻለም።

ዝንቧ በሰውም ላይ ዞረች። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእንቅልፍ በሽታ ሕመምተኛ ታወቀ፤ በሽታው በጋምቤላ አካባቢ በጊሎ ወንዝ ሰፈሮች ወረርሽኝ እንደ ሆነም በቀጠሉት ዓመታት ተረጋገጠ። ከዚያም በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከደጋ ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብ ቆላዎች፥ ጋምቤላንም ጨምሮ፥ ሲሰፍር፥ በሬ ጠምዶ ማረስን የለመደ ገበሬ በሬ የማይበረክትበት ምድር ላይ ተገኘ። ያ ገበሬ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነጋዴው ያወቀውን ነገር እንደገና በራሱ ኪሳራ ተማረ።

፭. የጥያቄው ሚዛን

ታሪክን ለአንድ ዝንብ ብቻ ማስረከብ አይገባም፤ ስለዚህ ሌሎቹንም ምክንያቶች እንመዝን። አንደኛ፥ የጋምቤላ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃና ረግረግ ይሆናል፤ ለአሸዋ የተሠራው ሰፊና ለስላሳ የግመል እግር በጭቃ ያንሸራትታል። ሁለተኛ፥ እርጥበት የበዛበት ቆላ ለሌሎቹ ነካሽ ዝንቦች፥ ለእከክና ለእግር ቁስልም ይመቻል። ሦስተኛ፥ በአካባቢው ግመል የሚያረባና የሚመራ ሕዝብ አልነበረም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ጭቃው በበጋ ይደርቃል፤ መሬቱም እስኪሰነጠቅ ይጠነክራል። ግመል የሚመራም ሰው ቢጠፋ፥ ጥቅም ካለ ነጋዴ ከሱዳን ማምጣቱ አይቀርም ነበር፤ በመተማ በኩል እንዲሁ ሆኗልና። በበጋም በክረምትም ሳይለወጥ የሚቆየው ከልካይ በወንዙ ዳር ጥላ ሥር የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ጭቃው የክረምቱን ደጃፍ ዘጋ፥ ዝንቧ ግን ቁልፉን ያዘች ብንል ከማስረጃው የራቅን አይመስለንም።

የዚህን ዋጋ በቁጥር ለመገመት እንሞክር። ብርቱ የጭነት ግመል 200 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ሰው በሩቅ መንገድ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢሸከም፥ አንድ ግመል በጎደለ ቁጥር ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዎች በቦታው መቆም አለባቸው። በቅሎም ቢሆን የግመሉን ጭነት እኩሌታ አያደርስም፤ በቆላውም ገንዲና የፈረስ መቅሠፍት ይጠብቁታል። በካርቱም ገበያ የተሸጠው የኢሉባቦር ቡና በመርከብ ሂሳብ ተመዝግቧል፤ እስከ ወንዙ ድረስ ያወረደው ትከሻ ግን በየትኛውም መዝገብ ዋጋ አልተጻፈለትም። አንዲት ዝንብ የጣለችው ሸክም በሰው ላይ ወደቀ ማለት ይህ ነው።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው፥ የእንስሳት በሽታ የታሪክ ጀርባ ሳይሆን ራሱ የታሪክ ክፍል መሆኑ ነው። ውል የሚዋዋሉ ነገሥታት፥ መርከብ የሚልኩ መንግሥታት፥ ሕዝብ የሚያሰፍሩ ባለሥልጣናት በካርታ ላይ መሥመር ይሠምራሉ፤ ከእነርሱ መሥመር በታች ግን የከፍታ፥ የጥላና የዝንብ መሥመር አስቀድሞ ተሠምሯል። ያንን ያላነበበ ዕቅድ ኪሳራው የሚወድቀው በዐቃጁ ላይ ሳይሆን በገበሬውና በአርቢው ላይ ነው።

ሁለተኛው፥ ወሰኑ ቆሞ የሚኖር አለመሆኑ ነው። ድርቅ ሲደጋገም በቦረና የነበሩ ከብት አርቢዎች ወደ ግመል እያዘነበሉ መጥተዋል፤ ግመል ድርቅን ይችላልና። ይህ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ግመል ወደ ምዕራብና ወደ እርጥብ ሸለቆዎች በተጠጋ ቁጥር ወደ ጥንቱ ጠረፍ፥ በሽታው ወደ ተወለደበት ዓይነት ምድር ይመለሳል። በሌላ በኩል ደን ሲመነጠርና ሰው ሲሰፍር የዝንቧ ግዛት በአንድ ወገን ይጠባል። በአገራችን በመካንነት የተዘጋጁ ወንድ ዝንቦችን በመልቀቅ ዝንቧን ለማጥፋት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተደረገውም ጥረት ይህን ወሰን በሰው እጅ ለመግፋት የታሰበ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የግመል፥ የከብትና የበቅሎ በሽታዎች በሶማሊኛ፥ በአፋርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በኑዌርኛና በአኝዋኛ ያሏቸው ስሞች፥ ከምልክታቸውና ከአርቢው መከላከያ ጋር ይሰብሰቡ። ሽንት አሽትቶ ገንዲን የሚለየው ሽማግሌ ማጉያ መነጽር ሳይኖረው ያወቀው ነገር አለ፤ መነጽሩ ያለን እኛ ደግሞ የት እንደምንመለከት ከእርሱ ብንጠይቅ አናፍርም። ግመል ያልደረሰበትን በር ታሪክ የጻፍነው ግመል እንዲደርስበት ለመመኘት አይደለም፤ ነገ ሰውንና እንስሳን ወደ አንድ ቆላ ለማስገባት የሚያስብ ሁሉ፥ ከመግባቱ በፊት በወንዙ ዳር ጥላ ሥር ማን እንደሚጠብቀው እንዲጠይቅ ነው።